የበረዶው ዘንግና የሚያድጉት ንጉሥ

ቁጭ በሉ፤ አትቸኩሉ፤ የምነግራችሁ አገር ሩቅ ነው። ምድር አልቆ ባሕር የሚጀምርበት፣ ባሕሩም ራሱ በብርዱ ወራት ጠጥሮ ሜዳ የሚሆንበት አገር ነው። ስሙን አልጠራም። ስም ጠርቶ ከሰው መጣላት ምን ያደርግልኛል? የበረዶው አገር ካልን ይበቃናል።

በዚያ አገር ላም የለም፤ እርሻ የለም። ያለው አቆስጣ ነው። አቆስጣን ለማታውቁት፣ ጥጃ የሚያህል፣ ጢማም፣ ዓይነ ትልቅ፣ እግሩ እንደ መቅዘፊያ የሆነ፣ ባሕር ውስጥ ዓሣ እየበላ የሚኖር እንስሳ ነው። ሥጋው ምግብ፣ ስቡ የመብራት ዘይት፣ ቆዳው ልብስና ጫማ ነው። ታዲያ ይኸ እንስሳ ባሕር ውስጥ አይወልድም። እናቲቱ በረዶው ላይ ትወጣና የተከመረውን አመዳይ፣ ያን ከሰማይ የሚወርደውን ነጭ ብናኝ፣ ቆፍራ፣ ጎጆ አበጅታ እዚያ ትወልዳለች። ግልገሉ ነጭ ጸጉር ለብሶ ይወለዳል። ያ ጸጉር ለብርድ እንጂ ለውኃ አይሆንም፤ ከረጠበ ይከብዳል፤ ግልገሉም ይሰጥማል። አርባ ቀን ጠብቶ፣ ወፍሮ፣ ነጩን ጸጉር ከጣለ በኋላ ነው የሚዋኘው። ስለዚህ በረዶው አርባ ቀን መቆም አለበት። ይኼን ከያዛችሁልኝ የቀረው ቀላል ነው።

የዚያ አገር የጥንት ንጉሥ ብልህ ሰው ነበሩ። በዘመናቸው አንድ ዓመት ሙቀት ገብቶ፣ በረዶው ሳስቶ፣ ግልገሉ ሁሉ ሰጠመ። በማግሥቱ ዓመት ሰው ተራበ። ንጉሡም ዳግመኛ እንዲህ እንዳይሆን ብለው፣ ባሕር ከሩቅ ገፍቶ ካመጣው ጥቁር እንጨት አንድ ዘንግ አስጠረቡ፤ ከረጅም ሰው ቁመት አንድ ክንድ የሚበልጥ። ራሱ ላይ የብር ቀለበት አስገቡበትና ሕግ አወጡ። በየዓመቱ አቆስጣዎቹ ሊወልዱ ሲቃረቡ የሰላጤው በረዶ ይበሳል፤ ዘንጉም የበረዶው ሥር እስኪደርስ ይገባል። በረዶው እስከ ቀለበቱ ከያዘው "ሙሉ ዘንግ" ተብሎ ይታወጃል፤ ሰውም ወደየቤቱ ይሄዳል። ካልሞላ ግን ዳርቻው ይለቀቃል። ማለትም ባሕሩ ዳር ቤት ያለው ሁሉ ቤቱን ትቶ፣ ውሻውን አስሮ፣ አርባ ቀን ኮረብታው ላይ በድንኳን ይቀመጣል፤ አቆስጣዎቹም በመሬት ላይ ይወልዳሉ።

መልካም ሕግ ነበር። ዳሩ ግን ዘመን ሲያልፍ ዳርቻው ላይ ሹማምንት ቤት ሠሩ። ነፋስ የማይመታው፣ ለጀልባ የሚቀርብ፣ ደስ የሚል ቦታ ነው። ባለ ሰፊ በረንዳ ቤቱን ለአቆስጣ ለቅቆ አርባ ቀን ድንኳን ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ሹም እናንተ ካያችሁ ንገሩኝ።

የዘንጉ ጠባቂ ማንያዘዋል የሚባል አናጺ ነበር። ሥራውን ከአባቱ ነው የወረሰው። እጁ የተባረከ፣ አንደበቱ የታሰረ፣ ከሰው ጋር ከመጣላት ብርዱ ውስጥ ማደር የሚመርጥ ሰው ነው። ሚስቱ ስመኝ ደግሞ ተቃራኒው ናት፤ እሷ የመጣላትን ነገር እንደ ሥራ ነው የያዘችው። ልጅ አልወለዱም። ጎጇቸው ከኮረብታው ሥር፣ ሰላጤውን አሻግሮ የሚያይ ነበር።

ይኸ ነገር ከመሆኑ አሥራ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በረዶው በዘንግ በሚለካበት በስፈራው ቀን፣ ከቀለበቱ አራት ጣት ጎደለ። የበረዶው ጉዳይ ሹም፣ ማዕረጋቸው ሊቀ በረዶ፣ ስማቸው አስናቀ ይባላል። ጉድጓዱን አዩ። ዞር ብለው ገና ጣራው ያልተከደነውን አዲሱን በረንዳቸውን አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ለማንያዘዋል ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣

"ዘንጉ አድጓል" አሉት።

"አቤት ጌታዬ?"

"እንጨት አይደለም እንዴ? እርጥበት ይጠጣል፤ ይለጠጣል፤ ያድጋል። ያደገውን ከታች ቁረጥለት።"

ማንያዘዋልም ቆረጠ። በዓመቱ ዘንጉ ዳግመኛ አደገ፤ ዳግመኛ ቆረጠ። የሞተ እንጨት በየዓመቱ ሲያድግ ያየ ሰው የለም፤ በሊቀ በረዶ መዝገብ ላይ ግን አደገ ተብሎ ተጽፏል። አንዳንድ ዓመት አራት ጣት፣ አንዳንድ ዓመት ስንዝር። በየዓመቱም "ሙሉ ዘንግ" ይታወጃል፤ የጎደለ ነገር የለም።

ሰዉስ አያይም ወይ ትሉኝ ይሆናል። የዘንጉን ሰገባ የሰፉት የጥንቷ ንግሥት በገዛ እጃቸው ነውና ሰገባውን መቁረጥ ነውር ነው። ስለዚህ ሰገባው እንደ ጥንቱ ረጅም ሆኖ ቀረ። ዘንጉ የለቀቀውን ባዶ ቦታ ማንያዘዋል ደረቅ ሣር ይሞላበታል፤ ሁለት ሰዎች ትከሻቸው ላይ አድርገው በክብር ያልፋሉ፤ ከሩቅ የሚያይ ሁሉ ረጅም ዘንግ ያያል። ዘንጉን ከሰገባው የሚመዙት ንጉሡ ብቻ ናቸው። ንጉሡ ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ ግን ሞኝ አይደሉም። በአራተኛው ዓመት ይመስለኛል፣

"አስናቀ፣ ይኸ ዘንግ አላጠረም?" ብለው ጠየቁ።

ሊቀ በረዶም እጅ ነስተው፣ "ዘንጉስ እንዳለ ነው፤ ጃንሆይ እያደጉ ነው እንጂ" አሏቸው።

ዓይን በጨው ማጠብ ማለት ይኸ ነው። ንጉሡ ያን ጊዜ ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል። ግን ንጉሥ ሆኖ "አላደግሁም" ብሎ መከራከር ምን ይባላል? ከዚያ በኋላ በየዓመቱ እያደጉ ነው ተብሎ የቤተ መንግሥቱ በሮች ወደ ላይ ተቀደዱ፤ አልጋው ተቀጠለ፤ ወንበሩ እግር ተጨመረለት። ንጉሡም ጉበኑ እንዳይመታቸው ብለው አንገታቸውን ደፍተው መሄድ ለመዱ። በተቀደደው በር የባሕሩ ነፋስ እንደ ልቡ ይገባል።

አንድ ሌላ ሕግም ነበር፤ ሹማምንቱ የረሱት። ከንጉሥ ዘንግ የተቆረጠ አይጣልም፣ አይነድም፤ ስባሪውም ያው ዘንግ ነው። ስለዚህ ማንያዘዋል የቆረጠውን ሁሉ በቆዳ ከረጢት አድርጎ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይሰቅል ነበር። እያንዳንዱ ላይ የዓመቱን ምልክት ይቀርጽበታል፤ አናጺ ነዋ፣ ሥራው ይምታታበት እንዴ?

በአሥራ አራተኛው ዓመት በረዶው በሠላሳ አንደኛው ቀን ተሰበረ። ማንያዘዋልና ስመኝ ጎጇቸው ውስጥ ሆነው ድምፁን ሰሙ። ከድምፁ በኋላ የእናቶቹን ጩኸት ሰሙ። ስመኝ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች፤ እሱ ግን ከግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ከረጢት ዓይኑን መንቀል አልቻለም። በሰላጤው ውስጥ ከተወለዱት አንድም አልተረፈም። በሊቀ በረዶ መዝገብ ላይ ግን "የዘንድሮ ግልገሎች ከወትሮው ቀድመው ጎብዘው ወደ ባሕር ገቡ" ተብሎ ተጻፈ፤ ለጉብዝናቸውም ግብር ተበላ።

በተከታዩ ዓመት እናቶቹ በረዶውን እምቢ አሉ። ሆዳቸው ተነፍቶ፣ መውለጃቸው ደርሶ፣ ወደ ዳርቻው መውጣት ጀመሩ። ሊቀ በረዶም፣ "ዘንጉ ዘንድሮም መሙላቱ ስለማይቀር፣ መሬት ላይ የወጣ አቆስጣ ሸፍቷል ማለት ነው" ብለው አሳወጁ። ሴቶች በግዳጅ ተጠሩ፤ ጣውላ ከጣውላ እያጋጩ አቆስጣዎቹን ወደ በረዶው እንዲመልሱ። ስመኝም ከተጠሩት አንዷ ነበረች።

ከስፈራው በፊት ባለው ቀን፣ ጠዋት፣ ሊቀ በረዶ ወደ ማንያዘዋል ጎጆ መጡ። በረዶው ስንዝር ተኩል ነው። ዘንጉ ደግሞ ክንድ ሆኖ ቀርቷል።

"ስንዝር ተኩል አድርገው" አሉት።

"ጌታዬ፣ ከዚህ ከቆረጥሁ የጃንሆይ እጅ የሚያርፍበት ይቆረጣል።"

ሊቀ በረዶ ጢማቸውን እያሻሹ ቆዩ። ከዚያ ፊታቸው በራ።

"እንግዲያ አትቁረጥ። ዘንድሮ አግድም እንለካዋለን።"

"አግድም?"

"በረዶ ወደ ታች ብቻ ይለካ ያለው ማነው? ወደ ጎን ብታየው መጨረሻ የለውም። ዘንጉን በረዶው ላይ አጋድመን እንሰፍራለን። አንድ ዘንግ ቢሉህ አንድ፣ ሺህ ዘንግ ቢሉህ ሺህ። እንዴት እስከ ዛሬ አላሰብነውም?"

ሹሙ እየተደሰቱ ወጡ።

ቀትር ላይ ስመኝ ከዳርቻው መጣች። ጣውላዎቹን ጥግ ወርውራ ተቀመጠች።

"ዛሬ አንዷን መለስኳት" አለች። "ሆዷ መሬት እየጎተተ ሦስቴ ወጣች፤ ሦስቴ መለስኳት። በአራተኛው አልሸሸችም። ቁጭ ብላ አየችኝ። እኔም አየኋት። ከዚያ ወዲያ እጄ አልነሣ አለኝ።"

"ትእዛዝ ነው፤ አንቺ ምን ታደርጊ።"

"እኔማ ትእዛዝ ነው። አንተስ?"

"እኔም ትእዛዝ ነው።"

"ነገስ? ደግሞ ትቆርጣለህ?"

"ነገ አግድም ነው የሚለካው" ብሎ ሊቀ በረዶ ያሉትን ነገራት። ስመኝ ሳቀች፤ እስኪያማት ሳቀች። ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ።

"ብናገር ምን እንደሚያደርጉኝ ታውቂያለሽ" አላት። እውነቱን ነው። በዚያ አገር በረዶው ሳስቷል ያለ ሰው፣ እስኪቀልጥ ድረስ በረዶው ላይ ቆሞ እንዲመሰክር ይፈረድበታል። ከመሰከሩት አንድም ሰው አልተመለሰም። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ በረዶው ሳስቷል ብሎ የመሰከረ ሰው የለም።

ስመኝ ዓይኗን ጠራረገች። "ማን ተናገር አለህ? አንተ ደግሞ መናገር መቼ ታውቅና። አናጺ አይደለህ? ሥራህን ሥራ።"

ይኼን ብላ ተነሥታ ከረጢቱን ከግድግዳው አወረደችና እግሩ ሥር አስቀመጠችለት።

ማንያዘዋል ከረጢቱን ፈታ። አሥራ አራቱን ስባሪ በየምልክታቸው ወለሉ ላይ ደረደረ። የመጀመሪያውን ዓመት ቁራጭ አንሥቶ አገላብጦ አየው፤ ያን ጊዜ ወጣት ነበር፤ ያን ጊዜ እንቢ ቢል ኖሮ አራት ጣት ብቻ ነበር ጉዳዩ። በአጥንት ምስማር መታ፤ በአቆስጣ ጅማት አጥብቆ አሰረ። ስመኝ ጅማቱን እያረጠበች ታቀብለዋለች። ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ዘንጉ ሙሉ ሆነ። ሰገባው ውስጥ ሲከተው ያለ ሣር ገጠመ። ፈርቷል፤ ግን ከአሥራ አራት ዓመት ወዲህ እጁን ደስ ያለው ያን ቀን ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ሰዉ ሁሉ ዳርቻው ላይ ተሰበሰበ። ንጉሡ እግሩ በረዘመው ወንበራቸው ላይ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ከወዲያ በኩል ሴቶቹ በጣውላ ያገቷቸው አቆስጣዎች በበረዶውና በመሬቱ መካከል ተደርድረው ይጠብቃሉ። ሊቀ በረዶ ስለ አዲሱ፣ ስለ አግድሙ ስፈራ ረጅም ንግግር አደረጉ። ንግግሩ ምን ያህል የረቀቀ እንደነበር የተረዳው ሰው ባለመኖሩ ይታወቃል።

ከዚያ ሁለቱ ተሸካሚዎች ሰገባውን አቀረቡ። ንጉሡ ቀለበቱን ይዘው፣ እንደ ልማዳቸው በአንድ ትንሽ ስበት ሊያወጡት ሳቡ።

አልወጣም። ጨምረው ሳቡ። እጃቸው እስከሚደርስበት ሳቡ፤ ዘንጉ ገና ነው። ተነሡ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ፤ ዘንጉ ይመጣል። ሁለተኛ እርምጃ ሲሄዱ ወንበሩ ወደቀ፤ ዘንጉ አሁንም ይመጣል። ሊቀ በረዶ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። በመጨረሻ ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ወጣ፤ ንጉሡም መሬት አስነክተው አቆሙት። ቀለበቱ ከራሳቸው በላይ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ቆመ።

ንጉሡ ቀና ብለው አዩት። ያን ያህል ዓመት ደፍተውት የኖሩትን አንገት ቀና ሲያደርጉ ሰው ሁሉ አየ።

"ይኸ የአባቴ ዘንግ ነው" አሉ። "ያን ጊዜ ቀለበቱ ከራሴ በላይ ነበር። አሁንም ከራሴ በላይ ነው። አስናቀ፣ እኔ እያደግሁ ነው ወይስ አይደለም?"

ሊቀ በረዶም እጅ ነሡ። "ጃንሆይ፣ ዘንጉም አብሮ አድጎ ይሆናል።"

ንጉሡ ጣታቸውን በጅማት እሥራቶቹ ላይ ወደ ታች እያሳለፉ አንድ በአንድ ዳበሱ። ከዚያ ወደ ማንያዘዋል ዞሩ።

"ይኼን ያሰርኸው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ ጃንሆይ" አለ ማንያዘዋል። መናገር የማያውቀው ሰው፣ አንዴ ከጀመረ ወዲያ መመለስ እንደሌለ አውቆ ቀጠለ። "የቆረጥሁትም እኔው ነኝ። አሥራ አራት ዓመት ቆረጥሁት። በረዶው እየሳሳ ነው፤ ዘንጉ አላደገም። አምና የሰጠሙትን እኔም ነኝ ያሰጠምኋቸው።"

ስመኝ ጣውላዋን ጥላ ወደ ባሏ ተጠጋች፤ በረዶው ላይ ይቁም ከተባለ አብራው ልትቆም።

"እንግዲያ እኔ አላደግሁም" አሉ ንጉሡ።

"አላደጉም ጃንሆይ። ቁመትዎ እንደ አባትዎ ነው።"

ንጉሡ የወደቀው ወንበር ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉና "እፎይ" አሉ። ሁለተኛም "እፎይ" አሉ። "በሮቼን ሁሉ አስቀድጄ በብርድ አለቅሁ። ተኝቼ እግሬ ግድግዳውን የሚያፈርስ እየመሰለኝ እንቅልፍ አጣሁ። ዛሬ ነገ ጣራው አይችለኝም፤ ከሜዳ ላይ እቀራለሁ እያልኩ ስፈራ ኖርኩ። ይኸ ለማን ይነገራል? ንጉሥ ፈራ ሊባል ነው።"

መጀመሪያ የሳቀችው ስመኝ ናት ይባላል። ከዚያ ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ ንጉሡም ሳቁ። አቆስጣዎቹ በጫጫታው ደንግጠው ጮኹ። ሳቁ ሲበርድ ንጉሡ ተነሡና ዘንጉን ለማንያዘዋል ሰጡት።

"ስፈር። ወደ ታች።"

ማንያዘዋል በረዶውን በስቶ ዘንጉን ወደ ጉድጓዱ አወረደ። ጫፉ ስንዝር ተኩል ገብቶ የበረዶው ሥር ደረሰ፤ የቀረው ሁሉ፣ አሥራ አራቱ እሥራት ሳይቀር፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ቀረ። ንጉሡም በእሳቸው ዘመን ከማንም አፍ ወጥቶ የማያውቀውን ቃል ተናገሩ።

"ጎደለ። ዳርቻው ይለቀቅ።"

ያን ዕለት ሹማምንቱ አልጋና ድስት ተሸክመው ኮረብታ ሲወጡ ማየት ነበረባችሁ። ሊቀ በረዶ፣ "የእኔ በረንዳ ዳርቻ ውስጥ አይቆጠርም" ብለው ተከራከሩ። ሰው፣ በረዶው ላይ ቆመው ይመስክሩ አለ። ንጉሡ ግን፣ "ስንዝር ተኩል በረዶ እንዴት ይችላቸዋል?" ብለው የአገሩን ውሾች እንዲያስሩና እንዲጠብቁ ፈረዱባቸው። ውሾቹ ብዙ ነበሩ።

ለማንያዘዋል ደግሞ፣ "በቆረጥህበት መጋዝ ካስ" አሉት። መሬት ላይ የተወለደ ግልገል ነፋስ ያገኘዋል፤ እናቱ የምትቆፍረው ክምር የለም። ስለዚህ ማንያዘዋል ከኮረብታው ሥር የደረቀውን አመዳይ በመጋዙ እንደ ጡብ እየቆረጠ፣ ሴቶቹ እየተሸከሙ፣ ለእያንዳንዷ እናት ከለላ ሠሩላት። ያች ስመኝን ያየቻት አቆስጣ የሊቀ በረዶ በረንዳ ሥር ወለደች። እሷ መሆኗን በምን አወቅሽ ሲሏት፣ "አወቅኋታ" ትላለች ስመኝ።

በሃያ ዘጠነኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ማንያዘዋል አመዳይ እየቆረጠ ሳለ ያ ድምፅ መጣ። በረዶው ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ፤ ሰላጤው ፈረሰ። መጋዙ ከእጁ ወደቀ። እሱም ተቀመጠ፤ ጆሮው ከድምፁ በኋላ የሚመጣውን ጩኸት ይጠብቃል።

ምንም አልመጣም።

ስመኝ መጥታ አጠገቡ ቆመች። "ሰማኸው?"

"ሰማሁት።"

"እነሱ ግን አልሰሙም" አለችና ወደ ኋላው አሳየችው። ግልገሎቹ ከለላቸው ውስጥ ጠብተው፣ ጠግበው፣ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ተኝተዋል። አንዱ የሊቀ በረዶ ደጃፍ ላይ ያንኮራፋል። ማንያዘዋል እዚያው በተቀመጠበት እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ የደስታ ነው፤ የአሥራ አራት ዓመት ነው። ስመኝም ያለወትሮዋ ዝም አለችው።

በአርባኛው ቀን ነጩ ጸጉር ረገፈ፤ ግልገሎቹ አንድ በአንድ ወደ ባሕሩ ወረዱ። የሹማምንቱ ምንጣፍ እስከ ዛሬ ያ ጸጉር አልለቀቀውም ይባላል። ማንያዘዋል የቤተ መንግሥቱን በሮች መልሶ ዝቅ አደረጋቸው፤ ንጉሡም ሞቋቸው ተኙ።

በረዶው አልተመለሰም፤ አልዋሻችሁም። በየዓመቱ ይበሳል፣ ይሰፈራል፣ "ጎደለ" ይባላል፤ ሹማምንቱ እያጉረመረሙ ድንኳን ይተክላሉ። ዘንጉም አሥራ አራቱን እሥራት እንደያዘ ነው፤ የፈለገ ሰው ሄዶ ይቆጥረዋል። የሰማሁትን ይኸው አድርሻለሁ። የእናንተ አገር ሰገባ ውስጥ ያለው እንጨት ይሁን ሣር ግን እኔን አትጠይቁኝ፤ ሄዳችሁ ምዘዙት።